ኩዳይ ላይ ጮክ ብዬ ያነበብኩት ሂስ

ይህ የደረሰብኝ ጅዳ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት ነው። ያኔ ሰው ቤት ነበር የምሠራው፤ አሁንም ሰው ቤት ነው የምሠራው። መጨረሻ ላይ ሀብታም ሆና ትመጣለች ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ያደግሁት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። አሥረኛ ክፍል ደርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር መንገድ ጀመርኩ። ቁርአን ስለቀራሁ የዐረብኛ ፊደል አውቅ ነበር፤ ቋንቋውን ግን ያስተማረችኝ አሠሪዬ ማዳም ናት፣ ያውም እየተቆጣች።

ቤቱ ውስጥ ሪም የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥዕል ትማራለች። ክፍሏ ውስጥ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ አለ፣ እሱ ላይ ያለው ሁሉ በሥዕል የተሠራ ልቦለድ ነው። መጀመሪያ የልጆች ካርቱን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ ገብቼ አንዱን ገለጥኩት። ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የቀረባት ሴት ታሪክ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ አንድም ቃል የለም፤ ጀልባ የሚታሰርበት ገመድ ብቻ፣ ገጹ በተከፈለበት በየሳጥኑ ትንሽ ትንሽ እያረጀ ይሄዳል። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሪም ከኋላዬ ገብታ አየችኝና፣

«ገረመሽ?» አለች።

«ስንት ዓመት እንደጠበቀችው ገመዱ ነገረኝ» አልኳት።

ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ሳትቀበል፣ «የላ፣ በይ ውሰጂውና ጨርሺው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መደርደሪያው የእኔም ሆነ።

ዓርብ ዓርብ እረፍት ሲሰጡኝ ሂንዳዊያ የሚባል ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ ዘሀራ የምትባል የአገሬ ልጅ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ አምስት ስድስት ሆነን እንሰበሰባለን። ያነበብኩትን ስተርክላቸው፣ ሥዕሉንም በስልኬ አንስቼ ሳሳያቸው፣ ዘሀራ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ታሪኩስ ይሁን፤ መጽሐፉ ግን ጥሩ ነው? ለምን?» ይህች «ለምን» ናት እኔን ሐያሲ ያደረገችኝ። ሥዕሉ ያምራል ማለት አይበቃም። ለምን ይህ ሳጥን ሰፋ? ለምን እዚህ ጋ ቀለሙ ጠፋ? ሰውየው ሲዋሽ ንግግሩ የተጻፈበት አረፋ ለምን ፊቱን ሸፈነው? ሴቶቹ እየጠየቁ፣ እኔ እየመለስኩ፣ ማየት ተማርኩ።

በኋላ የጅዳ ወደብ ላይ የሚሠራ ሙባረክ የሚባል ኢንጅነር፣ ሳዑዲ ላለን ኢትዮጵያውያን ስለ መጻሕፍት የሚጻፍበት የቴሌግራም ቻናል ስለነበረው፣ በዘሀራ በኩል ሰምቶ ጻፊልን አለኝ። ጻፍኩ። ስሜን ግን አላወጣሁም፤ «አንባቢዋ» እያልኩ ነበር የምፈርመው። አስተማሪ የምመስላቸው ነበሩ። አንዱ «ዶክተር» ብሎ መልእክት ልኮልኛል። አላረምኩትም።

ድሮ የታወቀ ልቦለድ በሥዕል ተሠርቶ ሲመጣ አንድ ሕግ ነበረኝ። ዋናውን ሳላነብ አልጽፍም። ቀላል አይደለም፤ የድሮ ዐረብኛ ከባድ ነው። ግን ምን እንደተቀነሰና ምን እንደተጨመረ ሳያውቁ መፍረድ በሩቅ ሰምቶ መመስከር ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ሪም ሁለት ዓመት የለፋችበት መጽሐፍ ታተመ። ዐረቦች ትምህርት ቤት የሚማሩት የቆየ ልቦለድ ነው፣ እሷ ወደ ሥዕል የለወጠችው። ሻይ ሳስገባላት ጣቶቿ በቀለም ጠቁረው አያለሁ፤ ሌሊቱን ሳትተኛ ነግቶ አገኛታለሁ። ሲታተም ከመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች አንዱን ፈርማ ሰጠችኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም።

እንደ ልማዴ ዋናውን ከአባቷ መደርደሪያ አስፈቅጄ ተዋስኩ። አባቷን ባባ እንላቸዋለን፤ ከፊሌም፣ ሳዑዲ ለመኖሬ ዋስ የሆኑት፣ እሳቸው ናቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ታሪኩ በአንድ የወደብ ከተማ ስለሚኖር፣ ዓይኑ ስለጠፋ ነጋዴ ነው። ቤቱ ውስጥ መብሩካ የምትባል ሠራተኛ አለች። አንድ ቀን ከነጋዴው ወንድም ደብዳቤ ይመጣል፤ ማንበብ የሚችል ከእሷ በቀር ቤት ውስጥ የለም። ስትከፍተው ስለ ራሷ ነው። «ሌባ ናት፣ አባርራት» ይላል። ነጋዴው ምን እንደተጻፈ አያይም። የፈለገችውን ብታነብለት የሚያውቅባት የለም። መብሩካ ግን ቁጭ ብላ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ሳትለውጥ ታነብለታለች። የቀረው ታሪክ በሙሉ የሚቆመው በዚያች ገጽ ላይ ነው።

በሪም መጽሐፍ ውስጥ ደብዳቤውን የሚያነበው ከመንገድ የተመለሰው የነጋዴው ወንድ ልጅ ነው። መብሩካ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገጽ የዘለልኩ መስሎኝ ነበር። አልዘለልኩም።

ለዘሀራ ስነግራት ወዲያው ገባት። «እንግዲህ ስለ ከፊልሽ ልጅ መጽሐፍ ክፉ ልትጽፊ ነው?» አለች።

«ክፉ አይደለም። እውነቱን ነው።»

«ሰዓዳ፣ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ እነሱ እጅ ነው። ይቺን አንዷን እለፊያት። ማን ያውቅብሻል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነበር የተናገርኩት። ግን ልደብቃችሁ አልችልም፤ በውስጤ ያበረታኝ በአማርኛ መጻፌና ስሜ አለመኖሩ ነበር። ማን ያነበዋል ብዬ ነው የደፈርኩት።

ረቡዕ ዕለት ለጠፍኩት። ሐሙስ ለዑምራ መካ ሄድን። የማዳም እናት በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄዱ፣ እሳቸውን የምገፋው እኔ ስለሆንኩ፣ ሁልጊዜ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ኩዳይ የሚባለው ሰፈር፣ አውቶቡሶች ሑጃጅ የሚጭኑበት አካባቢ ሆቴል ያዝን። ዑምራችንን አድርገን፣ ዓርብ ጁምዓ ተሰግዶ፣ ምሳ ተበልቶ አሮጊቷ ክፍላቸው ተኝተዋል። እኔ ሳሎኑ ውስጥ ሳህን አነሳለሁ። ባባ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ሪም መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ማዳም ስልኳን እያየች ነበር። ድንገት ቀና ብላ፣

«ሪም፣ ይሄን አይተሽዋል? አንዲት ሐበሻ ሌባ ብላሻለች!» አለች።

እጄ ላይ የነበረውን ሳህን ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

በኋላ እንደገባኝ፣ ቻናላችን ላይ ካሉት ጅዳ ያደገች አንዲት ልጅ ጽሑፌን ወስዳ፣ ከሥሩ ስልክ የተረጎመውን ዐረብኛ አክላ፣ ሪም መጽሐፏን በምታስተዋውቅበት ገጽ ላይ ለጥፋዋለች። ክፋት አልነበራትም፤ ደስ ብሏት ነው። ስልኩ ግን «ነጥቃ» ያልኩትን «ሰርቃ» አድርጎታል። «ሠዓሊዋ ከሠራተኛዋ ሰርቃ» ይላል። ከሥሩ ሰው እየተቀባበለ ይሳለቃል።

«ማን ናት ይቺ ባለጌ?» አለች ማዳም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ሰዓዳ፣ ነዪ። የእናንተ ቋንቋ ነው። ይሄ ስልክ አያውቅም። አንብቢና በትክክል ምን እንዳለች ንገሪን።»

እኔ መሆኔን አላወቀችም። እንዴት ትጠርጥር?

ከክፍሉ ውስጥ ሊጠረጥር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሪም። ዓርብ ዓርብ ስለ መጻሕፍቷ ለሴቶቹ እንደማወራ፣ አልፎ አልፎም እንደምጽፍ ነግሬያታለሁ። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ ደም የለውም። ገባት። ገብቷትም ራሷን በትንሹ፣ እናቷ በማታይበት በኩል፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀችልኝ። አታንብቢ ማለቷ ነው። ወይም ሌላ አንብቢ።

ወላሂ፣ ያቺን ጊዜ እንዴት ልንገራችሁ። ስልኩ እጄ ላይ ነው፤ የራሴ ፊደል፣ የራሴ ቃል። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚችል የለም። «ማዳም፣ ስልኩ ተሳስቷል፤ ሴትየዋ አመስግናት ነው የጻፈችው» ብል አለቀ፣ ኸላስ። ሪም ትድናለች፣ እኔ እድናለሁ፣ ማዳምም ደስ ብሏት ሻይ ታዘኛለች። ውሸቱ አፌ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር። የመጀመሪያውን ቃል ጀምሬዋለሁም፤ «ማዳም፣ ስልኩ...» አልኩ።

«እህ? ስልኩ ምን?»

ያን ጊዜ ስለ መብሩካ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ዓይኔ ስር አየሁት። ለሌላ ሰው ድፍረት ስከራከር የከረምኩ ሴት፣ እኔ ላይ ሲደርስ ልሸሽ ነው? አፈርኩ። እፍረቱ ከፍርሃቱ በለጠ።

«ስልኩ አንድ ቃል ተሳስቷል» አልኩ። «ሰረቀች አይልም። ሌላውን እንዳለ አነብላችኋለሁ። ምንም አልቀንስም።»

ቁጭ በይ ያለኝ የለም፤ ቁጭ አልኩ። እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ።

«ይህ መጽሐፍ ያምራል። ባሕርን እንዲህ የሣለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ጠዋት ሌላ፣ ቀትር ሌላ፣ ነጋዴው ዓይኑ ሲጠፋ ደግሞ ባሕሩ ከገጹ ላይ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ በፊደል ይቀራል። ይህን ማድረግ የሚችል እጅ ትልቅ እጅ ነው።»

ማዳም ፊቷ ፈታ አለ። ሪም ግን ወደ መሬት አቀረቀረች። የሚመጣውን ጠብቃለች።

«ነገር ግን ሠዓሊዋ ደብዳቤውን ከመብሩካ እጅ ነጥቃ ለወንዱ ልጅ ሰጥታዋለች። ልጁ ቢያነበው ምንም አይጎድልበትም። እሷ ግን ስታነብ ሕይወቷን ነው የምታነበው። ዋናው ደራሲ ከስንት ዓመት በፊት ሠራተኛይቱን አምኗት ነበር። ሠዓሊዋ አላመነቻትም። የሚያምር ሥዕል ፍርሃትን አይሸፍንም። ይህ መጽሐፍ ልቡ የነበረበትን ገጽ አውጥቶ የተሸጠ መጽሐፍ ነው።»

ጨረስኩ። ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል።

«ማን ናት?» አለች ማዳም፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ስሟ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማዳም።»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀለድሽ ብላ ነው። ከዚያ የሪምን ፊት አየችና ሳቋ ቆመ።

«ቤቴ ውስጥ እየበላሽ? ልጄ በፈረመችልሽ መጽሐፍ? ማን ነሽና ነው አንቺ በልጄ ሥራ ላይ የምትፈርጂው? ጅዳ ስንገባ ሻንጣሽን ታሰናጂያለሽ!»

«ቆይ» አሉ ባባ። ከሶፋው ተነስተው ተቀምጠዋል። ለማዳም አልነበረም የሚያወሩት፣ ለሪም ነው። «ደብዳቤውን መብሩካ አይደለችም እንዴ የምታነበው? እኛ ልጆች ሆነን በቃል ነው ያስጠኑን ያንን ገጽ።»

ሪም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሪም፤ ለምን ለወጥሽው?»

«አሳታሚው ነው» አለች፤ እንባዋ መጥቷል። «ማንበብ የምትችል የቤት ሠራተኛ፣ የዛሬ አንባቢ አያምንም አለኝ። እኔም... ልክ መሰለኝ።»

የማዳም ስልክ አሁንም እጄ ላይ ነበር። ተነስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ሳህኖቹን ይዤ ወጣሁ።

ያን ዕለት ከአስር ሰላት በኋላ ሪም ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። ዓይኗ አብጧል። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ያለችው ግን ከቁጣ የባሰ ነው።

«ሰዓዳ፣ ሦስት ሳምንት አብረን በአንድ ቤት ነበርን። በየቀኑ ሻይ ታመጪልኝ ነበር። ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ» አልኳት።

«እኔም ፈርቼ ነው» አለችና ሄደች።

እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከምሳ ወዲህ ራሴን ጀግና አድርጌ ነበር፤ ለካ እሷን ፈሪ ብዬ የከሰስኳት እሷ በማትችለው ቋንቋ፣ ስሜን ደብቄ፣ ከጀርባዋ ነው። ሂሴ እውነት ነበር፤ አካሄዴ ግን የእውነት አካሄድ አልነበረም። ሁለቱን ለይቼ ለማየት ያ ኮሪደር አስፈልጎኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። ማዳም ሻንጣዬን አላስያዘችኝም፤ ባባ ከለከሉ። ግን ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው አላድስም አለች፤ አላደሰችምም። ባባ ዝውውሬን ፈርመውልኝ ወደ ሌላ ቤት ሄድኩ፤ አንዲት ብቻዋን የምትኖር የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው አሁን ያለሁት። ማዳም ስትሰናበተኝ እጇን አልሰጠችኝም። አልፈርድባትም፤ እናት ናት።

ሪም መጽሐፉን እንደገና ሣለችው ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሣለችውም። የታተመው እንደታተመ ነው፤ ጅዳ መጻሕፍት ቤት ብትገቡ ዛሬም ደብዳቤውን የሚያነበው ልጁ ነው።

እኔ ግን ጅዳ በተመለስን በሁለተኛው ቀን ቻናላችን ላይ ጻፍኩ። «ስሜ ሰዓዳ ነው። የቤት ሠራተኛ ነኝ። ከዚህ በፊት አንባቢዋ እያልኩ የጻፍኩት ሁሉ የእኔ ነው። ዶክተር አይደለሁም» አልኩ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው መልስ ሰጠኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ነው። ስምንት ሰው ነው የጻፈልኝ። አንዱ፣ «ደግሞ ለሠራተኛ ሂስ!» ብሎ ወጣ። ኢንጅነር ሙባረክ ደግሞ የድሮ ጽሑፌን ጎልጉሎ አንድ የተሳሳትኩትን ነገር አወጣብኝ። ልክ ነበር። አረምኩት፣ በስሜ።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ሕግ ጨምሬያለሁ። የሠራውን ሰው ማግኘት የምችል ከሆነ፣ የምጽፈውን መጀመሪያ ለእሱ እነግረዋለሁ። ካላገኘሁት ደግሞ ሊገባው በሚችል ቋንቋ ተርጉሜ አብሬ አወጣዋለሁ። ሁለት ሠዓሊዎች ተቀይመውኛል። አንዷ አመስግናኛለች። ሌሎቹ አልመለሱም። ሕጉ ግን አይለወጥም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት መጽሐፍ አትተቹም ይሆናል። ግን ሰው ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ ጓደኛ መካከል፣ የምታውቁትን እውነት ለማይመለከተው ሰው በዝግ በር የምትናገሩበት ጊዜ አለ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። እውነትን ደብቆ መናገር ግማሽ ድፍረት ይመስላል፤ ለእኔ እንደታየኝ ግን ከነጭራሹ ድፍረት አይደለም። ሂዱና ለባለቤቱ ንገሩት። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም ይሰማል።

ሪም ለወራት አልደወለችልኝም። ባለፈው ረመዳን ማግስት ግን ከማላውቀው ቁጥር ሃያ አራት ገጽ በእርሳስ የተነደፈ ሥዕል ደረሰኝ። ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ከማንም ያልተወሰደ፣ የራሷ ፈጠራ። ከሥሩ «እውነቱን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች።

ሦስት ቀን አየሁት። አሥራ ዘጠኙ ገጽ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አምስቱ ይቸኩላሉ፤ አንዲት እናት የልጇን ሞት የምትሰማበት ቦታ በሁለት ሳጥን አልቋል። ደወልኩላት። አለሳልሼ አልነበረም የነገርኳት።

«ሃያኛው ገጽ ላይ ፈራሽ» አልኳት።

ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

«የላ» አለች፣ «የቱ ሳጥን ላይ?»